«ተጠለፈ» ወይስ «ሲስተም የለም»? ክላውድን የማየት ጣጣ

ጥቅምት 10 ቀን 2018 ዓ.ም. በአሜሪካዋ ቨርጂኒያ ግዛት በሚገኙ የአማዞን ዳታ ሴንተሮች የተፈጠረ ብልሽት ስናፕቻትን፣ ሲግናልንና ቬንሞን የመሳሰሉ አገልግሎቶችን በብዙ አገሮች ለሰዓታት አስተጓጎለ። ከዚያ ቀደም ሲል መጋቢት 7 ቀን 2016 ዓ.ም. ሌሊት የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች፣ በተለይም የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በሒሳባቸው ውስጥ የሌለ ገንዘብ ከኤቲኤም ሲያወጡና ወደ ሌላ ሒሳብ ሲያዛውሩ አድረዋል። እንዲህ ያለ ነገር በተፈጠረ ቁጥር ቀድሞ የሚነሳው ጥያቄ «ጠላፊ ገባ እንዴ?» የሚል ነው። ለሁለቱም አጋጣሚዎች ከተቋማቱ የተሰጠው መልስ ግን የሳይበር ጥቃት አይደለም የሚል ነበር።

ጥያቄው አግባብ ነው። ችግሩ ሰው የሚጠይቀው አገልግሎት ሲቋረጥ ብቻ መሆኑ ላይ ነው። ባለፉት ዓመታት ከታዩ ከባድ የመረጃ ስርቆቶች በርካቶቹ የተፈጸሙት አንድም አገልግሎት ሳይቆም፣ ለአንድም ደንበኛ «ሲስተም የለም» ሳይባል ነው። የተቋረጠ ሁሉ አልተጠቃም፤ የተጠቃም ሁሉ አይቋረጥም። ሁለቱን መለየት የሚችለው ሲስተሙ ውስጥ በየሰከንዱ የሆነውን የመዘገበና መዝገቡን የሚከታተል ሰው ያለው ተቋም ብቻ ነው። በዘመናዊው ክላውድ ላይ አስቸጋሪ ሆኖ የተገኘውም ይኸው ማየት ነው።

ክላውድ ምን ለወጠ?

ክላውድ ወይም ደመና የሚባለው፣ ድርጅቶች ሰርቨር፣ ማከማቻና ሶፍትዌር ገዝተው በራሳቸው ክፍል ከማስቀመጥ ይልቅ ከትልልቅ አቅራቢዎች በኢንተርኔት የሚከራዩበት አሠራር ነው። አማዞን፣ ማይክሮሶፍትና ጉግል የገበያው መሪዎች ናቸው። ኪራዩ ኃላፊነትንም ይከፍላል። አቅራቢው ሕንፃውን፣ መብራቱን፣ ማሽኑንና መሠረታዊውን ሶፍትዌር ይጠብቃል፤ ማን ምን እንዲያይ እንደተፈቀደለት፣ የትኛው ማከማቻ ለውጭ ክፍት እንደሆነ የመቆጣጠሩ ኃላፊነት የተከራዩ ነው። ኮንዶሚኒየም እንደመከራየት ነው፦ የግቢው ጥበቃ አለ፣ የራስን በር መቆለፍ ግን የተከራይ ሥራ ነው። በተግባር ብዙ ደንበኞች ይህን ድንበር የሚያውቁት አደጋ ከደረሰ በኋላ ነው።

ሌላው ለውጥ የአፕሊኬሽኖች አሠራር ነው። ቀድሞ አንድ የባንክ ሶፍትዌር በአንድ ወይም በጥቂት ሰርቨሮች ላይ ይቀመጥ ነበር፤ ባለሙያው ሰርቨሮቹን በስም ያውቃቸዋል። ዛሬ ያው ሥራ «ማይክሮሰርቪስ» በሚባሉ በርካታ ትንንሽ ክፍሎች ይበተናል። ክፍሎቹ «ኮንቴይነር» በሚባሉ ጊዜያዊ መያዣዎች ውስጥ ይሠራሉ፤ መያዣው ሥራ ሲበዛ ይፈጠራል፣ ሥራ ሲቀንስ ይጠፋል። ለደቂቃዎች ብቻ የኖረ ሰርቨር ላይ ችግር ቢፈጠር፣ ባለሙያው ሊመረምረው ሲመጣ ሰርቨሩ የለም። ከሱ የሚቀረው ወደ ሌላ ቦታ አስቀድሞ የላከው መዝገብ ብቻ ነው፤ ካልላከ ምንም አይቀርም።

ሦስተኛውና በጣም አስፈላጊው ነገር ፈቃድ ነው። በክላውድ ላይ ማሽን መፍጠር፣ ዳታቤዝ መቅዳት፣ ማከማቻ መሰረዝ፣ ሁሉም በኢንተርኔት በሚላክ ትእዛዝ ይፈጸማል። ትእዛዙ ትክክለኛውን ቁልፍ ከያዘ ይታዘዛል፤ ቁልፉን የያዘው ባለቤቱ ይሁን ሌባ አይለይም።

ካፒታል ዋን፦ ማስረጃው ነበር፣ ያየው አልነበረም

ይህ እንዴት እንደሚሆን ለማየት እ.ኤ.አ. በ2019 በአሜሪካው ካፒታል ዋን ባንክ ላይ ከደረሰው የተሻለ ምሳሌ ማግኘት ይከብዳል። ባንኩ በቴክኖሎጂ ኋላ ቀር አልነበረም። ወደ ክላውድ በሙሉ ልብ ከገቡ ቀዳሚ የአሜሪካ ባንኮች አንዱ ሲሆን፣ የክላውድ ደንቦች መከበራቸውን የሚፈትሽ ሶፍትዌር ራሱ ሠርቶ ለሌሎች በነፃ እስከማቅረብ የደረሰ ነው።

ጠላፊዋ ያገኘችው ቀዳዳ ፋየርዎሉ ላይ ነበር፤ ማለትም ወደ ድረ ገጽ የሚመጣውን ትራፊክ እንዲያጣራ የተቀመጠው መከላከያ ራሱ። በአማዞን ክላውድ ላይ ያለ፣ ፈቃድ የተመደበለት ማሽን 169.254.169.254 የተባለ የውስጥ አድራሻ ጠይቆ ለራሱ ጊዜያዊ ቁልፍ ሊያገኝ ይችላል። አድራሻው ከውጭ አይደረስበትም። ነገር ግን ፋየርዎሉ በትክክል ስላልተስተካከለ፣ ከውጭ የመጣን ጥያቄ ተቀብሎ በራሱ ስም ወደዚያ የውስጥ አድራሻ ላከ፤ የተሰጠውንም ቁልፍ መልሶ ለጠላፊዋ አስረከበ። ባለሙያዎች ይህን የጥቃት ዓይነት «ኤስኤስአርኤፍ» ይሉታል።

እስከዚህ ድረስ ያለው ስህተት በማንም ላይ ሊደርስ ይችላል። ጉዳቱን ያሰፋው ቀጥሎ ያለው ነው፦ ለፋየርዎል የተሰጠው ፈቃድ የማከማቻዎችን ዝርዝር ማየትና ይዘታቸውን መቅዳት ይጨምር ነበር። ፋየርዎል ለምን የደንበኞችን ፋይል ማንበብ እንዳስፈለገው መልስ ያለው አይመስልም። መረጃው ኢንክሪፕት የተደረገ፣ ማለትም በምስጢር ቁልፍ የተቆለፈ ነበር፤ ሆኖም ያው ፈቃድ መፍታትንም ስለሚያስችል ምስጠራው አላዳነም። በአሜሪካ 100 ሚሊዮን፣ በካናዳ 6 ሚሊዮን ገደማ ሰዎች ያቀረቡት የክሬዲት ካርድ ማመልከቻ መረጃ ወጣ።

መረጃው የተወሰደው በመጋቢት ወር መጨረሻ ላይ ነው። ባንኩ ያወቀው ግን ሐምሌ 17 ላይ፣ አንድ የውጭ ሰው መረጃውን የሚያመለክት ፋይል ኢንተርኔት ላይ አይቶ በኢሜይል ሲጠቁም ነው፤ ቀኖቹ እ.ኤ.አ. ናቸው። በሁለት ቀን ገደማ ምርመራ ስርቆቱ ተረጋገጠ። ይህን ያህል የፈጠነው የትእዛዞቹ መዝገብ ከመጀመሪያው ስለነበረ ነው። ማንነትን ከሚደብቀው የቶር ኔትወርክ በኩል የመጡ ትእዛዞች፣ በተለመደው ሥራው የማከማቻዎችን ዝርዝር በማይጠይቅ ፋየርዎል ስም፣ ለአራት ወር ያህል በመዝገቡ ውስጥ ተቀምጠው ነበር። ባንኩ በ2020 በመንግሥት ተቆጣጣሪ 80 ሚሊዮን ዶላር ተቀጣ፤ በኋላም ለደንበኞች ክስ መዝጊያ 190 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። አማዞንም ስርቆቱ በታወቀበት በ2019 ኅዳር ወር የውስጥ አድራሻውን በቀላሉ እንዳይታለል የሚያደርግ አዲስ አሠራር አወጣ።

ምን ይመዘገባል?

ክትትል ሲባል ሦስት ዓይነት መረጃ ይሰበሰባል። «ሎግ» ማን፣ መቼ፣ ከየት ሆኖ፣ ምን እንዳደረገ የሚጽፍ ዝርዝር መዝገብ ነው። «ሜትሪክ» ቁጥር ነው፦ በደቂቃ ስንት ጥያቄ መጣ፣ ስንቱ ከሸፈ፣ ምን ያህል ጊዜ ፈጀ። «ትሬስ» ደግሞ አንድ የደንበኛ ጥያቄ በየትኞቹ ማይክሮሰርቪሶች በኩል እንዳለፈና የቱ ላይ እንደዘገየ የሚያሳይ ዱካ ነው። የአሠራር ባለሙያዎች በአብዛኛው የሚያዩት ሁለቱን የመጨረሻዎች ነው። የደህንነት ባለሙያዎች ሎግ ላይ ያተኩራሉ። በብዙ ድርጅቶች እነዚህ ሁለት ቡድኖች የተለያየ ክፍል፣ የተለያየ ሶፍትዌር፣ የተለያየ አለቃ አላቸው፤ አንደኛው «ዘገየ» ብሎ ያለፈው ነገር ለሌላው የጥቃት ምልክት ሊሆን እንደሚችል የሚነጋገሩበት መንገድ ግን የላቸውም።

መሰብሰብ ብቻውን ማየት አይደለም። በቀን ብዙ መቶ ማስጠንቀቂያ የሚደርሰው ባለሙያ፣ አብዛኛው ሐሰተኛ መሆኑን ከተለማመደ፣ እውነተኛውንም ሳያነብ ይዘጋዋል።

ስቴት ዲፓርትመንት ያየው፣ ሌሎቹ ያላዩት

በ2023 ከቻይና ጋር ግንኙነት አለው የተባለ ቡድን በተሰረቀ ቁልፍ የማይክሮሶፍት ኢሜይል አገልግሎት ውስጥ ገባ። ከተጎዱት መካከል የዚያን ጊዜዋ የአሜሪካ ንግድ ሚኒስትር ጂና ራይሞንዶና በቻይና የአሜሪካ አምባሳደር የነበሩት ኒኮላስ በርንስ ይገኙበታል። በአጠቃላይ 22 ድርጅቶችና ከ500 በላይ ግለሰቦች ተነክተዋል። ከውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቱ፣ ከስቴት ዲፓርትመንት፣ ብቻ 60,000 ገደማ ኢሜይሎች ተወስደዋል።

ጥቃቱን መጀመሪያ ያየው ማይክሮሶፍት አልነበረም። ስቴት ዲፓርትመንት እያንዳንዱ ኢሜይል መቼና በምን ፕሮግራም እንደተከፈተ የሚመዘግበውን ሎግ ይሰበስብ ነበር፤ በዚያም ላይ ባለሙያዎቹ ያልተለመደ አከፋፈት ሲኖር የሚያስጠነቅቅ የራሳቸውን ደንብ ጽፈው ነበር። ሰኔ 15 ላይ ደንቡ ጮኸ፤ በማግስቱ ማይክሮሶፍት ተነገረው። ያ ሎግ ግን ውድ የሆነውን የአገልግሎት ደረጃ ለገዙ ደንበኞች ብቻ ይሰጥ ነበር። ርካሹን የገዛ ድርጅት ተጠልፎ ቢሆን ኖሮ በራሱ የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ክርክሩ እዚህ ላይ ይጀምራል። አቅራቢዎች የሚሉት አለ፦ የሎግ ብዛት እጅግ ግዙፍ ነው፣ ማከማቸትና ፈልጎ ማውጣት ወጪ አለው፣ ሁሉም ደንበኛ ደግሞ አያስፈልገውም። ይህ እውነት ነው፤ ሎግ በብዛቱ የሚያስከፍል ነገር መሆኑን ማንኛውም የክላውድ ሒሳብ የሚከፍል ድርጅት ያውቀዋል። በሌላ በኩል የአሜሪካ ምክር ቤት አባላትና የደህንነት ተመራማሪዎች መሠረታዊ የደህንነት መዝገብ እንደ ቅንጦት መሸጥ የለበትም ብለዋል። የሁለተኛው ወገን መከራከሪያ በዚህ ጉዳይ የሚያመዝነው አንድ ምክንያት ስላለው ነው፦ የተሰረቀው ቁልፍ የደንበኞቹ አልነበረም፤ የማይክሮሶፍት የራሱ ነበር። ደንበኛው ተጨማሪ የከፈለው የአቅራቢውን ስህተት የሚያሳየውን ማስረጃ ለማግኘት ሆነ ማለት ነው። ማይክሮሶፍት በዚያው ክረምት ሎጎቹን ለሌሎች ደንበኞችም እንደሚከፍት አስታወቀ፤ በመደበኛው አገልግሎት የሚቀመጡበትንም ጊዜ ከ90 ወደ 180 ቀን አራዘመ።

ያረጀው ቁልፍ ለምን አልተቀየረም?

ጉዳዩን የመረመረው የአሜሪካ መንግሥት የሳይበር ደህንነት ገምጋሚ ቦርድ በ2024 ሚያዝያ ያወጣው ሪፖርት ጥቃቱ መከላከል የሚቻል ነበር ሲል ደምድሟል። ቦርዱ ራሱ በ2025 መጀመሪያ ላይ አባላቱ ተሰናብተው ሥራው ቆሟል፤ ሪፖርቱ ግን እንደ እሱ ያለ ሰነድ በብዛት ስለማይገኝ አሁንም ይነበባል።

ቡድኑ የተጠቀመበት ቁልፍ ማይክሮሶፍት «ቶክን» የሚባሉትን ዲጂታል የመግቢያ ፈቃዶች የሚፈርምበት ነው። ቁልፉን የያዘ ሰው የይለፍ ቃል ሳያስፈልገው የመግቢያ ፈቃድ አስመስሎ ሊሠራ ይችላል። ቁልፉ የተፈጠረው በ2016 እ.ኤ.አ. ሲሆን በ2021 ከአገልግሎት መውጣት ነበረበት። አልወጣም። ለዚህ የተሰጠው ምክንያት ስለ ሳይበር ደህንነት በአደባባይ ከሚነገረው ሁሉ ይበልጥ አስተማሪ ነው፦ ማይክሮሶፍት እነዚህን ቁልፎች በእጅ ይቀይር ነበር፤ በ2021 ከዚህ ቅየራ ጋር የተያያዘ ትልቅ የአገልግሎት መቋረጥ ስለደረሰበት ቅየራውን አቆመ። በራሱ የሚቀይር አሠራር አልተተካም፤ «ይህ ቁልፍ አርጅቷል» ብሎ የሚያስጠነቅቅ ማንቂያም አልነበረም። ቁልፉ እንዴት እንደወጣ ኩባንያው ማረጋገጥ አልቻለም።

ስለዚህ መቋረጥን መፍራት ለስርቆት በር ከፈተ። አገልግሎቱ እንዳይቆም የሚጨነቀው ክፍል በራሱ መስፈርት ትክክለኛ ውሳኔ ወስኗል፤ ሲስተሙ አልቆመም። የውሳኔው ዋጋ የተከፈለው ከሁለት ዓመት በኋላ፣ በሌላ ክፍል፣ በሌላ ስም ነው። «ተጠለፈ ወይስ ተበላሸ?» የሚለው ጥያቄ የማያጠግብበት ምክንያትም ይኸው ነው። ከሁለቱ አንዱን ለማስቀረት የሚወሰደው እርምጃ ሌላውን ሊጋብዝ ይችላል።

ጠባቂው ራሱ ሲጥል

ለማየት የሚገዛው መሣሪያ ከፍተኛ ሥልጣን ያስፈልገዋል፤ ሁሉን ካላየ ጥቅም የለውም። ይህ ሥልጣን ሲሳሳትም ሲሰረቅም አደጋው በዚያው ልክ ነው። በ2020 መጨረሻ የታወቀው የሶላርዊንድስ ጥቃት የተፈጸመው በኔትወርክ መከታተያ ሶፍትዌር በኩል ነበር። ሰርጎ ገቦቹ ኮዳቸውን በመደበኛው ማሻሻያ ውስጥ ሸሸጉት፤ እስከ 18,000 የሚደርሱ ደንበኞች በፈቃዳቸው ጫኑት። የተያዙት የደህንነት ኩባንያው ፋየርአይ በአንድ ሠራተኛ ስም ለመግቢያ ማረጋገጫ ሁለተኛ ስልክ መመዝገቡን አይቶ ባለቤቱን ሲጠይቅ ነው።

ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ጠላፊ አልነበረም። ክራውድስትራይክ የተባለው የደህንነት ኩባንያ የላከው የተሳሳተ ማሻሻያ 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ጣለ፤ አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎችና ባንኮች ሥራ አቆሙ። ኩባንያው ስህተቱን የመለሰው በ78 ደቂቃ ውስጥ ነበር። ነገር ግን የወደቁት ማሽኖች መነሳት ስለማይችሉ ብዙዎቹን አንድ በአንድ በእጅ ማስተካከል ግድ ሆነ።

እዚህም ሁለት አመለካከት አለ። አንደኛው ጠላፊዎች በሰዓታት ውስጥ ስለሚንቀሳቀሱ የመከላከያ ማሻሻያም ወዲያው ለሁሉም መድረስ አለበት ይላል። ሌላው መጀመሪያ ለጥቂቶች ተልኮ ከታየ በኋላ ይስፋፋ ይላል። ከዚያ ቀን በኋላ ሁለተኛው አሸንፏል ማለት ይቻላል፤ ክራውድስትራይክ ራሱ ደንበኞች ማሻሻያውን በደረጃ እንዲቀበሉ ፈቅዷል።

ወደ አገር ቤት ሲመጣ

የንግድ ባንኩ ሌሊት የክላውድ ታሪክ ተብሎ የሚቆጠር አይደለም። ብሔራዊ ባንክ እክሉ የተፈጠረው በጥገናና ፍተሻ ሥራ ወቅት መሆኑን ገልጿል፤ በወቅቱ የባንኩ ፕሬዚዳንት የነበሩት አቤ ሳኖ ደግሞ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ እንደወጣ ተናግረው፣ አብዛኛው ተመልሷል። ለክትትል ሥራ የሚሰጠው ትምህርት ግን ለክላውድም ያው ነው። ዝውውሩ እስኪታገድ ሰዓታት አልፈዋል። በእንዲህ ያለ ሁኔታ ሰርቨሩ ጤነኛ፣ ኔትወርኩ ፈጣን፣ የሲስተሙን ሁኔታ የሚያሳየው ዳሽቦርድም አረንጓዴ ሊሆን ይችላል፤ ማሽኖቹ የታዘዙትን በትክክል እየሠሩ ነውና። መጮኽ የነበረበት ሌላ ቁጥር ነው፦ ከሒሳብ ቀሪ በላይ የወጣ ገንዘብ፣ በሌሊት ከአንድ ካምፓስ ኤቲኤም በድንገት የጨመረ ወጪ። እንዲህ ያለውን መለኪያ የሚያውቀው የባንክ ሥራ አዋቂ እንጂ የክላውድ አቅራቢ አይደለም፤ ከውጭም ተገዝቶ አይመጣም።

በአገራችን ያለው ክርክር በአብዛኛው መረጃው የት ይቀመጥ በሚለው ላይ ነው። መረጃ አገር ውስጥ ይቅር የሚሉት፣ የውጭ አቅራቢ ለውጭ ሕግ ተገዢ መሆኑን፣ ግንኙነት ሲቋረጥም አገልግሎት እንደሚቆም ያነሳሉ። በ2018 እ.ኤ.አ. የወጣው የአሜሪካ ክላውድ አክት፣ የአሜሪካ ኩባንያዎች በውጭ አገር ያስቀመጡትንም መረጃ በሕጋዊ ትእዛዝ እንዲያቀርቡ ስለሚያስገድድ ስጋታቸው መሠረት አለው። ሌሎቹ ደግሞ የአገር ውስጥ ማዕከል በመብራት፣ በባለሙያና በመጠባበቂያ አቅም ከግዙፎቹ ጋር አይወዳደርም ይላሉ፤ ይህም አይካድም። ሁለቱም ግን ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማንቂያው ሲጮኽ ማን እንደሚነሳ አይመልሱም። አዲስ አበባ ያለ ሰርቨርም፣ ኬፕታውን ያለ ሰርቨርም የሚያየው ከሌለ እኩል ዕውር ነው።

የገንዘቡ ነገር ለኢትዮጵያ ድርጅቶች የተለየ ነው። አብዛኞቹ የክትትል አገልግሎቶች የሚያስከፍሉት በዶላር፣ በሎግ ብዛት ልክ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሬ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ዶላሩ ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በወራት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። አንድም ተጨማሪ ሎግ ሳይሰበስብ የድርጅቱ ወጪ በብር በእጥፍ ሊጠጋ ችሏል። ወጪ የሚቀንስ የፋይናንስ ኃላፊ መጀመሪያ የሚያየው ደግሞ ማንም የማያነበውን መዝገብ ነው።

ከዚህ በኋላ የሚጠበቀው

የጥቃቱ አቅጣጫ ከአጥር ወደ ማንነት ዞሯል። በ2024 ስኖውፍሌክ የተባለውን የክላውድ ዳታ አገልግሎት ከሚጠቀሙ ድርጅቶች 165 ገደማ ለአደጋ ተጋልጠዋል ተብሎ ሲነገራቸው፣ የአቅራቢው ሲስተም አልተሰበረም ነበር። ጠላፊዎቹ የገቡት ከሠራተኞች ኮምፒውተር በማልዌር፣ ማለትም በጎጂ ሶፍትዌር፣ በተሰረቁ የይለፍ ቃሎች ነው፤ አንዳንዶቹ ከዓመታት በፊት የተሰረቁና ሳይቀየሩ የቆዩ ነበሩ። የሁለት ደረጃ ማረጋገጫም አልነበረም። ኤቲኤንድቲ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ የሁሉም ለማለት የሚቻል የሞባይል ደንበኞቹ የጥሪ መዝገብ በዚህ መንገድ ወጥቶበታል። በትክክለኛ ቁልፍ የገባን ሌባ ፋየርዎል አያስቆመውም፤ የሚያጋልጠው ባህሪው ነው፣ ባህሪን ለማየት ደግሞ የቆየ መዝገብ ያስፈልጋል።

ተቆጣጣሪዎችም ደንባቸውን እያጠበቁ ነው። በአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ኩባንያዎች ከ2023 መጨረሻ ጀምሮ፣ ጥቃቱ ከባድ መሆኑን በወሰኑ በአራት የሥራ ቀናት ውስጥ ይፋ ማድረግ አለባቸው። በአውሮፓ «ዶራ» የተባለው ደንብ ከጥር 2025 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ባንኮችን ብቻ ሳይሆን የክላውድ አቅራቢዎቻቸውንም በቁጥጥር ውስጥ አስገብቷል። በኢትዮጵያም የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጸደቀው ከንግድ ባንኩ ሌሊት ሦስት ሳምንት በማይሞላ ጊዜ ውስጥ ሲሆን፣ ማስፈጸሙ ለኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ተሰጥቷል።

አዋጁ ከክትትል ሥራ ጋር የሚፋጭበት ነጥብ ገና በሰፊው አልተነሳም። የካፒታል ዋን ስርቆት ከተፈጸመ እስኪታወቅ 117 ቀን ገደማ ወስዷል። በአማዞን ክላውድ ላይ ደንበኛው ሌላ ካላዘጋጀ የትእዛዞች መዝገብ በቀላሉ የሚታየው ለ90 ቀን ነው። ባንኩ በመደበኛው ብቻ ቢተው ኖሮ ጥቆማው ሲደርሰው የመጋቢቱ ትእዛዝ ከዓይን ወጥቶ ነበር ማለት ነው። የደህንነት ባለሙያ ሎግ ለዓመት ይቆይ የሚለው ለዚህ ነው። ሎግ ግን ራሱ የሰው መረጃ ነው፦ ማን፣ መቼ፣ ከየትኛው ስልክ፣ የትኛውን ሒሳብ እንደከፈተ ይናገራል። የመረጃ ጥበቃ ሕግ መርህ ደግሞ ለዓላማው ከሚያስፈልገው በላይ አታስቀምጥ የሚል ነው። ለባንክ፣ ለሆስፒታልና ለቴሌኮም «የሚያስፈልገው» ስንት ወር እንደሆነ በመመሪያ ካልተወሰነ፣ ጊዜውን የሚወስነው የማከማቻው የዶላር ሒሳብ ይሆናል።